ሰማያዊው ሣጥን እንዴት ተከፈተ

ዛሬ የምተርክላችሁ ስለ አንድ የቤት ራውተር ነው። «የራውተር ደግሞ ምን ታሪክ አለው?» ትሉ ይሆናል። አለው እንጂ! ከጋራዥ የተነሱ ስደተኛ ባልና ሚስት አሉበት፤ ግማሽ ቢሊዮን ዶላር አለበት፤ ተደብቆ የተገኘ ኮድ፣ ፍርድ ቤት የደረሰ ሙግት፣ በየአገሩ ያለ ክፍያ ሌሊቱን ያነጉ ፕሮግራመሮች አሉበት። ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ያዙልኝና ጆሮ ስጡኝ።

ጊዜው 2002፣ ወሩ ዲሴምበር ነው። ቦታው በካሊፎርኒያ ያለችው የኧርቫይን ከተማ ናት። ከታይዋን የመጡት ቪክተርና ጄኒ ጻኦ በ1988 በቤታቸው ጋራዥ የመሠረቱት ሊንክሲስ የተባለ ኩባንያ አዲስ ዕቃ ለገበያ አቀረበ። የዕቃው ስም ለአፍ አይመችም፤ ደብሊው-አር-ቲ 54ጂ ይባላል። መልኩ ግን ከሩቅ ይታወቃል፤ ፊቱ ሰማያዊ፣ ገላው ጥቁር፣ ሁለት አንቴና የቆመለት ሣጥን ነው። ከኋላው አምስት የኔትወርክ ገመድ መሰኪያ አለው፤ አንዱ ከውጭ ለሚመጣው ኢንተርኔት፣ አራቱ ለቤት ኮምፒውተሮች። በውስጡ 125 ሜጋኸርዝ የሚሠራ የብሮድኮም ፕሮሰሰር፣ 16 ሜጋባይት ራም እና 4 ሜጋባይት ፍላሽ ሜሞሪ ተቀምጧል። 4 ሜጋባይት ማለት ዛሬ በስልካችን ለምናነሳው አንድ ፎቶ እንኳ አንዳንዴ የማይበቃ ቦታ ነው።

ፈርምዌሩ የሚኖረው እንግዲህ እዚያች ጠባብ ቦታ ላይ ነው። ፈርምዌር ማለት ዕቃው መብራት እንዳገኘ ከቺፑ ተነስቶ ሥራ የሚጀምረው ሶፍትዌር ነው። የትኛው ፓኬት፣ ማለትም በኔትወርክ የሚጓዝ የመረጃ ቁራጭ፣ ወዴት ይሂድ፣ ዋይፋዩን ማን ይግባበት፣ ከውጭ የሚንኳኳው በር ለማን ይከፈት የሚለውን የሚወስነው እሱ ነው። ገንዘቡን ከፍላችሁ ሣጥኑን ቤታችሁ ያስገባችሁት እናንተ ናችሁ፤ ውስጡ ሆኖ የሚያዘው ግን ፈርምዌሩን የጻፈው ሰው ነው። የምተርክላችሁ ያ ሥልጣን ከፋብሪካው ወደ ቤቱ ባለቤት እንዴት እንደተሻገረ ነው።

በማርች 2003 ሲስኮ የተባለው የኔትወርክ ግዙፍ ሊንክሲስን በ500 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደሚገዛ አስታወቀ። ክፍያው በአክሲዮን ነበር። ሰማያዊው ሣጥን በየሱቁ እየተሸጠ ነው፤ ሁሉም ደስ ብሎታል። ሦስት ወር ሳይሞላ፣ በጁን 2003፣ አንድሩ ሚክላስ የተባለ ሰው ሊኑክስ የተባለው ነጻ ስርዓተ ክወና እምብርት ለሆነው ለከርነሉ ገንቢዎች አንድ መልእክት ጻፈ። ነገሩ ይህ ነው፦ የሣጥኑን የፈርምዌር ፋይል አውርዶ ውስጡን መርምሯል። ያገኘው የሊንክሲስ የብቻው ፈጠራ አልነበረም። ሊኑክስ ነበር! ከርነሉ ተጨምቆ ተቀምጧል፤ ከጎኑም ሌሎች የነጻ ሶፍትዌር ፕሮግራሞች አሉ። ኩባንያው ግን ይህን ለገዢው አልነገረም፤ የምንጭ ኮዱንም አላወጣም።

«ታዲያ ነጻ ሶፍትዌር ከሆነ መጠቀም ምን ጥፋት አለው?» ብላችሁ እንደምትጠይቁ አውቃለሁ። መልሱ ትንሽ ወደ ኋላ ይመልሰናል።

በ1980 ገደማ፣ በአሜሪካው ኤም-አይ-ቲ ዩኒቨርሲቲ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ላቦራቶሪ፣ ሪቻርድ ስቶልማን የሚባል ፕሮግራመር ነበር። ላቦራቶሪው ከዜሮክስ አዲስ የሌዘር ማተሚያ ተሰጠው። ማተሚያው ወረቀት እየያዘ ያስቸግራል። ስቶልማን በቀድሞው ማተሚያ ላይ፣ ወረቀት ሲይዝ ለተጠቃሚዎቹ የሚያስታውቅ ፕሮግራም ጨምሮበት ነበር። የአዲሱ ግን ኮዱ የለም። ኮዱ ያለው ሰው ሌላ ዩኒቨርሲቲ መኖሩን ሰምቶ ሄዶ ቢጠይቀው፣ «ለማንም ላልሰጥ ፈርሜያለሁ» ተባለ። ስቶልማን ያን ቀን የተሰማውን አልረሳውም። በ1983 ነጻ ሶፍትዌር የሚሠራበትን የግኑ ፕሮጀክት አስታወቀ፤ በ1989 ደግሞ ጂ-ፒ-ኤል የሚባለውን የፈቃድ ውል አወጣ። ሁለተኛው እትም በ1991 ተከተለ። በዚያው ዓመት የሄልሲንኪው ተማሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ ሊኑክስን ለቀቀ፤ በ1992ም በጂ-ፒ-ኤል ሥር አደረገው።

ውሉ ምን ይላል? ውሰዱ፣ ተጠቀሙ፣ ለውጡ፣ ሽጡም ይላል። አንድ ግዴታ ግን አለ። ፕሮግራሙን ለሌላ ሰው ስትሰጡ ኮዱንም አብራችሁ ስጡ፤ አለዚያም ቢያንስ ለሦስት ዓመት የሚጸና «ኮዱን ለጠየቀኝ ሁሉ እሰጣለሁ» የሚል የጽሑፍ ቃል አያይዙ። ይህን ያላደረገ ፕሮግራሙን የመቅዳት፣ የመለወጥና የማሰራጨት መብቱ ይቀራል። ይህችን የጽሑፍ ቃል በልባችሁ ያዙልኝ፤ ኋላ እፈልጋታለሁ።

ወደ ሣጥናችን እንመለስ። ጉዳዩ ሲጣራ ኮዱ የመጣበት መንገድ ረጅም ሆኖ ተገኘ። ሊንክሲስ ቺፑን የገዛው ከብሮድኮም ነው፤ ፈርምዌሩ የተሠራው ደግሞ ታይዋን ውስጥ ሳይበርታን በሚባል ድርጅት ነው። ሲስኮ ሊንክሲስን ሲገዛ ዕዳውንም አብሮ ገዝቷል ማለት ነው። የነጻ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን የሚባለው ድርጅትና የኮዱ ጸሐፊዎች ጥያቄያቸውን ገፉበት። ኩባንያውም በዚያው በ2003 የሣጥኑን ኮድ ለሕዝብ አወጣ። የዋይፋይ ቺፑን የሚያንቀሳቅሰው ፕሮግራም፣ ድራይቨሩ፣ ግን ከነምስጢሩ ተዘግቶ ቀረ። ያም ሆኖ ከርነሉና የቀረው ፕሮግራም ተነባቢ ሆነ። ማንም ሰብሮ አልገባም፤ ማንም አልሰረቀም። ሕጉ ለገዢው የሚገባውን አስመለሰለት።

እሺ፣ ኮዱ ወጣ። ኮድ ማንበብ አንድ ነገር ነው፤ የራስን ፈርምዌር ሣጥኑ ላይ መጫን ግን ሌላ ነው። በመጀመሪያ ወደ ውስጥ የሚያስገባ በር ያስፈልጋል። በሩም ማንም ባላሰበው ቦታ ተገኘ። ሣጥኑ በድረ ገጽ የሚከፈት የማስተካከያ ገጽ ነበረው፤ በዚያ ውስጥ ደግሞ «ፒንግ» የሚባል የመፈተሻ ክፍል አለ። አድራሻ ትጽፉለታላችሁ፣ ሣጥኑም ያንን አድራሻ ጠርቶ መልስ መኖሩን ያሳያችኋል። የፈርምዌሩ ጸሐፊዎች ግን በዚያ ቦታ የሚጻፈውን ሳያጣሩ እንዳለ ለሊኑክስ ያቀብሉት ነበር። ስለዚህ በአድራሻ ፋንታ ትእዛዝ ብትጽፉለት ሣጥኑ ትእዛዙን ይፈጽመዋል። ሰዎች በዚህ መንገድ «ቡት ዌይት» የምትባል አንዲት ቅንብር አበሯት።

ቡት ዌይት ምን ትሠራለች? ሣጥኑ መብራት ሲያገኝ ፈርምዌሩን ከማስነሳቱ በፊት ለጥቂት ሰከንዶች ቆም ይላል። በእነዚያ ሰከንዶች ውስጥ በገመድ ከተያያዘ ኮምፒውተር፣ ቲ-ኤፍ-ቲ-ፒ በሚባለው ቀላል የፋይል መላኪያ፣ ወደ 192.168.1.1 አዲስ ፈርምዌር ከተላከለት ይቀበላል። ሰዓቱን መጠበቅ ነው ሙያው። በአንድ እጅ የመብራት ገመዱን ትሰካላችሁ፣ በሌላው የኮምፒውተሩን ቁልፍ ትጫናላችሁ። ከዘገያችሁ አሮጌው ፈርምዌር ይነሳል፣ እንደገና ትሞክራላችሁ። የቡት ዌይት ዋና ጥቅሟ ግን ሌላ ነው፤ የጫናችሁት ፈርምዌር ቢበላሽ እንኳ በሩ ክፍት ስለሆነ ሣጥኑ በድን ሆኖ አይቀርም። ሰው በድፍረት እንዲሞክር ያደረገችው እሷ ናት።

ጃንዋሪ 2004 ላይ ኦፕን-ደብሊው-አር-ቲ የሚባል ፕሮጀክት ተጀመረ። መነሻው ከሊንክሲስ የወጣው ኮድና ቢልድሩት የሚባል መገንቢያ ነበር። የፋብሪካው ፈርምዌር ሁሉን ነገር አንድ ላይ ያሰረ ነው፤ የማትፈልጉትን ማውጣት፣ የምትፈልጉትን መጨመር አይቻልም። ኦፕን-ደብሊው-አር-ቲ ግን ራውተሩን እንደማንኛውም ኮምፒውተር ቆጠረው። ትንሽ መሠረት ይሰጣችኋል፤ የቀረውን በፓኬጅ እየመረጣችሁ ትጭናላችሁ። የመጀመሪያው ዝነኛ እትም ኋይት ረሺያን ይባላል፤ ከዚያ ካሚካዜ፣ ባክፋየር እያሉ ለዓመታት በኮክቴል መጠጦች ስም ሰየሟቸው። ወደ ራውተሩ በትእዛዝ መስመር ስትገቡ የመጠጡ አሠራር ራሱ ከነልኩ ተጽፎ ይቀበላችሁ ነበር። ከዚያው ከወጣው ኮድ ዘር ሌሎችም ተወለዱ፤ ጀርመናዊው ሰባስቲያን ጎትሻል የሚመራው ዲዲ-ደብሊው-አር-ቲ፣ ጆናታን ዛራቴ የሠራው ቶማቶም በብዙ ቤት ገቡ። በርሊን ውስጥ ፍራይፉንክ የሚባሉ በጎ ፈቃደኞች ሣጥኑን ጣሪያ ላይ እየሰቀሉ፣ ራውተር ከራውተር በአየር እያያያዙ፣ ሰፈር ለሰፈር የሚደርስ የጋራ ኔትወርክ ዘረጉበት።

አሁን ፈርምዌር እንዴት እንደሚገነባ ቀረብ ብለን እንየው፤ ወጉ ያለው እዚህ ላይ ነውና። ሊኑክስ ያለበት ኮምፒውተርና ሰፊ ባዶ ዲስክ ያስፈልጋል። መጀመሪያ የፕሮጀክቱን ኮድ በጊት ታወርዳላችሁ። ቀጥሎ ተጨማሪ ፓኬጆች ያሉባቸውን ክምችቶች፣ ፊድስ የሚባሉትን፣ ታድሳላችሁ። ከዚያ «ሜክ ሜኑኮንፊግ» ትላላችሁ፤ ስክሪኑ ላይ ሰማያዊ የምርጫ ዝርዝር ይከፈታል። ከሁሉ በፊት የሚጠይቃችሁ ፕሮሰሰሩ የየትኛው ቤተሰብ እንደሆነና የራውተሩ ሞዴል ምን እንደሆነ ነው። እዚህ ላይ መሳሳት አይገባም። የአንዱ ሞዴል ፈርምዌር ለሌላው አይሆንም፤ ስማቸው አንድ ሆኖ የሥሪት ቁጥራቸው ብቻ የሚለያይ እንኳ ውስጣቸው ፈጽሞ ሌላ ሊሆን ይችላል። ቁጥሩ ከሣጥኑ ሥር ተለጥፏል፤ ገልብጣችሁ አንብቡት።

ሞዴሉ ከተመረጠ በኋላ ፓኬጆቹ ይመጣሉ። በየአንዳንዱ ፊት ሦስት ምርጫ አለ፤ ከፈርምዌሩ ጋር ይዋሃድ፣ ለብቻው ተዘጋጅቶ ይቀመጥ፣ ወይም ይቅር። ቦታ በሌለበት ሣጥን ላይ ይህ ከባድ ውሳኔ ነው። በድረ ገጽ የሚከፈተውን የማስተካከያ ገጽ፣ ሉሲ የሚባለውን፣ ላስገባ ወይስ በትእዛዝ መስመር ልበቃቃ? ዩ-ኤስ-ቢ የማልጠቀም ከሆነ ድራይቨሩ ለምን ቦታ ይይዛል? የፋብሪካው ሰው ለሚሊዮኖች አንድ ዓይነት ሲሰፋ፣ እናንተ እዚህ ለአንድ ቤት በልክ ትሰፋላችሁ። ስለ ቤቱ የምታውቁት ሁሉ ይገባበታል፤ የእንግዳ ዋይፋይ ከቤተሰቡ ኮምፒውተሮች ተለይቶ ይቁም፣ የልጆቹ ታብሌት ከመኝታ ሰዓት በኋላ አይውጣ፣ ካሜራው ቤት ውስጥ እንጂ ውጭ ካለ ከማንም ጋር አይነጋገር። «ፋይልስ» በሚባል ማህደር ውስጥ የራሳችሁን የቅንብር ፋይሎች ካስቀመጣችሁ ከፈርምዌሩ ጋር ተዋህደው ይወጣሉ፤ ሣጥኑ ገና ሲነሳ ቤቱን ያውቀዋል።

ከዚያ «ሜክ» ብላችሁ ትተዉታላችሁ። ኮምፒውተሩ ወዲያው ፈርምዌሩን አይሠራም። በመጀመሪያ መሣሪያውን ይሠራል። የእናንተ ኮምፒውተር ፕሮሰሰርና የራውተሩ ፕሮሰሰር የማሽን ቋንቋቸው ስለማይገጥም፣ እዚህ ተቀምጦ ለዚያ የሚጽፍ ኮምፓይለር መገንባት አለበት። ቀጥሎ ከርነሉ፣ ከዚያ ፓኬጆቹ ተራ በተራ ይሠራሉ። የመጀመሪያው ግንባታ በደካማ ኮምፒውተር ላይ ሰዓታት ይወስዳል፤ ከዚያ በኋላ የተለወጠው ብቻ ስለሚሠራ ይፈጥናል። መጨረሻ ላይ የሚወጣው ጥቂት ሜጋባይት የሆነ አንድ ፋይል ነው። አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ዓይነት ይወጣል፤ ከፋብሪካው ፈርምዌር ለሚሻገር አንድ፣ ኦፕን-ደብሊው-አር-ቲን ጭኖ ለሚያድስ ሌላ። ከመጫናችሁ በፊት የፋይሉን የማረጋገጫ ቁጥር አስተያዩ። ስትጭኑም በገመድ እንጂ በዋይፋይ አይሁን፤ መብራትም በመሃል አይጥፋ።

ሰውን ደፋር የሚያደርግ ሌላም ብልሃት አለ። በተለመደው አሠራር ፍላሹ ላይ ሁለት ንብርብር ይቀመጣል። ከሥር ያለው ስኳሽ-ኤፍ-ኤስ ይባላል፤ ተጨምቆ የተቀመጠ፣ የማይጻፍበት፣ የማይነካ ነው። ከላይ ያለው ላይ ብቻ ይጻፋል፤ የለወጣችሁት፣ የጨመራችሁት ሁሉ እዚያ ያርፋል። የፋየርዎል ደንብ አበላሽታችሁ ራሳችሁን ከራውተራችሁ ብታስወጡ፣ ሣጥኑ ሲነሳ መብራቷ ብልጭ ድርግም ማለት ስትጀምር የሣጥኑን ቁልፍ ትጫናላችሁ። ያኔ የላይኛውን ሳይነካ ከሥረኛው ብቻ ይነሳል። ገብታችሁ ስህተቱን ታርማላችሁ፤ ካልሆነም የላይኛውን ጠርጋችሁ ከመጀመሪያው ትነሳላችሁ።

ታሪኩ ግን በዚህ ሁሉ ደስታ አልቀጠለም። በ2005 መገባደጃ የሰማያዊው ሣጥን አምስተኛ ሥሪት ወጣ። ከውጭ ሲታይ ያው ነው። ከውስጥ ግን ፍላሹ ወደ 2 ሜጋባይት፣ ራሙ ወደ 8 ሜጋባይት ወርዷል፤ ሊኑክስም ወጥቶ ቪ-ኤክስ-ዎርክስ የሚባል ዝግ ስርዓተ ክወና ተተክቷል። ትንሽ ሜሞሪ ማለት ርካሽ ዕቃ ማለት ነው። ሳያውቅ የገዛ ሰው የራሱን ፈርምዌር ልጫን ቢል በሩ ተዘግቶ አገኘው። ከዚያ ምን ሆነ መሰላችሁ? ገበያው ራሱ መለሰ። ኩባንያው የቀድሞውን አራተኛ ሥሪት፣ ከነሊኑክሱ፣ ከነ4 ሜጋባይት ፍላሹ፣ ከነ16 ሜጋባይት ራሙ፣ 54ጂ-ኤል በሚል ስም ለብቻው መሸጥ ጀመረ። ይህ ሣጥን ከአሥር ዓመት በላይ በመደርደሪያ ላይ ቆየ። እጅግ ፈጣን የሆኑ ራውተሮች በየዓመቱ እየወጡ እንኳ ሰው ይገዛው ነበር፤ ምክንያቱም የገዛው ሰው የራሱ ሊያደርገው ይችላል። ለተዘጋው አምስተኛ ሥሪትም ቢሆን በ2006 መንገድ ተገኘለት፤ ዲዲ-ደብሊው-አር-ቲ በዚያች 2 ሜጋባይት ውስጥ የሚገባ ማይክሮ እትም አዘጋጀለት።

ያ ተዘግቶ የቀረው የዋይፋይ ድራይቨርስ? እሱን ደግሞ ፕሮግራመሮች በትዕግሥት ከፈቱት። ሰዎቹ በሁለት ቡድን ተከፈሉ። አንደኛው ቡድን የተዘጋውን ድራይቨር እየመረመረ ቺፑ እንዴት እንደሚሠራ በቃላት ጻፈ፤ ኮድ አልጻፈም። ሁለተኛው ቡድን የተዘጋውን ድራይቨር ሳያይ፣ ያንን ጽሑፍ ብቻ እያነበበ አዲስ ድራይቨር ጻፈ። እንዲህ ያደረጉት የማንንም ኮድ ገለበጡ እንዳይባሉ ነው። ሥራቸው በ2006 በሊኑክስ ከርነል 2.6.17 ውስጥ ገባ። የሌላውን ፈቃድ ውል አክብሩ ብለው የጮኹ ሰዎች የራሳቸውንም እጅ ንጹሕ አድርገው ጠበቁ፤ እኔ ከዚህ ታሪክ ሁሉ አብልጬ የማከብረው ይህን ነው።

ሙግቱም ገና አላበቃም ነበር። የነጻ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን በሊንክሲስ ዕቃዎች ላይ የኮድ ግዴታው አሁንም አልተሟላም ብሎ በዲሴምበር 2008 ሲስኮን ከሰሰ። በሜይ 2009 በስምምነት ተዘጋ። ሲስኮ ለሊንክሲስ የነጻ ሶፍትዌር ኃላፊ ለመሾም ተስማማ፤ ለፋውንዴሽኑም የገንዘብ ልገሳ አደረገ።

አሁን ይህ ሁሉ ድካም ለቤት ሰው ምን እንዳመጣ ልንገራችሁ። በ2010 ጂም ጌቲስ የሚባል አንጋፋ የኮምፒውተር ሰው ቤቱ ተቀምጦ ትልቅ ፋይል ሲልክ ኢንተርኔቱ በሙሉ እንደሚታነቅ አስተዋለ። መስመሩ ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ፋይሉ እየተላከ ሳለ ሌላው ሁሉ ቆሞ ይጠብቃል። መርምሮ ምክንያቱን አገኘ። ሜሞሪ እየረከሰ ሲሄድ አምራቾቹ ለፓኬቶች የሚሆነውን የወረፋ ቦታ ያለ ልክ አስፍተውታል፤ አንድ ፓኬት ወረፋው ውስጥ ከአንድ ሰከንድ በላይ ሊቆም ይችላል። ችግሩን በፈርብሎት ብሎ ሰየመው። ከቨርጂኒያ ወይም ከዱባይ አዲስ አበባ ላሉ እናቱ በቪዲዮ የሚደውል ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል፤ ከጎኑ ያለ ስልክ ፎቶዎችን መስቀል ሲጀምር የእናቱ ድምፅ ይቆራረጣል።

ወፍጮ ቤትን አስቡ። አንዱ አሥር ኩንታል አራግፎ ከፊት ቆሟል፤ ከኋላው አንዲት እናት አንድ ቁና ይዘው ይጠብቃሉ። ተራው በአመጣጥ ቅደም ተከተል ብቻ ከሆነ እናትየው ቀኑን ሙሉ ይቆማሉ። ባለ አሥር ኩንታሉ ግን አንድ ቁና አስቀድሞ ቢያሳልፍ ምንም አይጎዳም። በ2012 ካትሊን ኒኮልስና ቫን ጃኮብሰን፣ ፓኬት ወረፋ ላይ የቆየበትን ጊዜ የሚለካ ኮድል የተባለ ዘዴ አወጡ፤ ቆይታው ከ5 ሚሊሰከንድ በላይ ሆኖ ለ100 ሚሊሰከንድ ከቀጠለ ፓኬት እየጣለ ላኪውን «ቀስ በል» ይለዋል። ኤሪክ ዱማዜ ደግሞ እያንዳንዱን ግንኙነት በየራሱ ወረፋ የሚያሰልፍና ጥቂት የያዘውን የሚያስቀድም አድርጎ በሊኑክስ ውስጥ ጻፈው፤ ስሙ ኤፍኪው-ኮድል ነው። ይህ ሁሉ በእውነተኛ ቤት ውስጥ፣ በእውነተኛ ራውተር ላይ የተፈተነው የት ይመስላችኋል? ዴቭ ታት የሚባል ሰው በኦፕን-ደብሊው-አር-ቲ ላይ በገነባው ሴሮ-ደብሊው-አር-ቲ በተባለ የሙከራ ፈርምዌር ነው። የተከፈተ ፈርምዌር ባይኖር ኖሮ መሞከሪያው የት ይገኝ ነበር? ዘዴው በ2014ቱ የኦፕን-ደብሊው-አር-ቲ እትም ሳይጠየቅ የሚሠራ ሆነ፤ በ2018 የኢንተርኔት ደረጃ አውጪዎች አር-ኤፍ-ሲ 8290 ብለው አሳተሙት። ዴቭ ታት በኤፕሪል 2025 አረፈ። ዛሬ ጥሪያቸው ያልተቆራረጠባቸው አብዛኞቹ ስሙን አያውቁትም፤ እኔ ግን በዚህ ትረካ ውስጥ እንዲጠራ እፈልጋለሁ።

ይኸው ሰው ሌላም ውለታ ውሎልናል። በ2015 የአሜሪካ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን፣ ራውተሮች ከተፈቀደላቸው ድግግሞሽና ኃይል እንዳይወጡ ለመከልከል ባወጣው መመሪያ፣ አምራቾች እንደ ዲዲ-ደብሊው-አር-ቲ ያለ የሌላ ወገን ፈርምዌር እንዳይጫን እንዴት እንደሚከላከሉ እንዲያስረዱ ጠየቀ። የሬዲዮ ሕግ መከበር አለበት፤ አንዱ ራውተር የሌላውን አየር መረበሽ የለበትም። ነገር ግን ሬዲዮውን ለመቆለፍ ሲባል መላው ሣጥን ሊቆለፍ ሆነ። ታትና ከኢንተርኔት አባቶች አንዱ የሆነው ቪንት ሰርፍ ከ250 በላይ ባለሙያዎችን አስተባብረው ደብዳቤ ጻፉ። ኮሚሽኑም ክፍት ፈርምዌርን ማገድ ሐሳቡ እንዳልሆነ ገለጸ። በኦገስት 2016 ቲፒ-ሊንክ የተባለው አምራች በሬዲዮ ኃይል ጥሰት 200,000 ዶላር ሲቀጣ፣ ከስምምነቱ አንዱ አንቀጽ ኩባንያው በራውተሮቹ ላይ የሌላ ወገን ፈርምዌር እንዲደገፍ እንዲሠራ የሚል ነበር።

«እኔ ፕሮግራመር አይደለሁ፣ ምን ቸገረኝ?» ለሚል አንድ ነገር ልጨምር። በሜይ 2018 ቪ-ፒ-ኤን ፊልተር የተባለ ተንኮል አዘል ሶፍትዌር ቢያንስ በ54 አገሮች ከ500,000 የማያንሱ ራውተሮችንና መሰል ዕቃዎችን መያዙ ተነገረ። አምራች ለአንድ ሞዴል ማሻሻያ ማውጣቱን ሲተው፣ ሣጥኑ በየቤቱ መብራቱን እያበራ ይቀመጣል፤ ቀዳዳው ግን አይደፈንም። ክፍት ፈርምዌር ያለው ሣጥን አምራቹ ከተወው በኋላም ጠጋኝ አያጣም። አቅሙ እስከፈቀደ ድረስ ማለቴ ነው፤ 4 ሜጋባይት ፍላሽና 32 ሜጋባይት ራም ያላቸውን አሮጌዎች ዛሬ ኦፕን-ደብሊው-አር-ቲም አሰናብቷቸዋል።

በ2016 የፕሮጀክቱ ሰዎች በአሠራር ተጣልተው ሌዴ የሚል ሌላ ፕሮጀክት ይዘው ወጡ፤ በ2018 ታርቀው በኦፕን-ደብሊው-አር-ቲ ስም ተመለሱ። ሃያኛ ዓመታቸውን በያዙበት በ2024 ደግሞ ሶፍትዌር ፍሪደም ኮንሰርቫንሲ ከሚባል ድርጅት ጋር ሆነው የራሳቸውን ሣጥን አወጡ፤ ኦፕን-ደብሊው-አር-ቲ ዋን ይባላል። 1 ጊጋባይት ራም አለው፤ የመጀመሪያው ሰማያዊ ሣጥን ከነበረው 64 እጥፍ ማለት ነው። ሁለት ፍላሽ አለው፤ በዋናው ላይ እንደልብ ይሞከራል፣ ሁለተኛው ማዳኛ ነው። ዋናው ቢበላሽ ማብሪያ ማጥፊያዋን አዙሮ ከማዳኛው መነሳት ይቻላል። ሌሎች የፒንግ ገጹን ስንጥቅ ፈልገው የገቡበትን በር፣ እዚህ አምራቹ ራሱ ሠርቶ ከነቁልፉ አስረከበ።

እንግዲህ ወዳጆቼ፣ ራውተር ልትገዙ ስትወጡ ከዋጋና ከፍጥነት ሌላ አንድ ጥያቄ ያዙ። ሞዴሉ፣ ከነሥሪት ቁጥሩ፣ በኦፕን-ደብሊው-አር-ቲ የዕቃዎች ሠንጠረዥ ውስጥ አለ ወይ? ፍላሹ ቢያንስ 16 ሜጋባይት፣ ራሙ ቢያንስ 128 ሜጋባይት ከሆነ ለዓመታት ያገለግላችኋል። ራውተሩ የኢንተርኔት አቅራቢው ንብረት ከሆነ አትንኩት፤ ከኋላው የራሳችሁን አስከትሉ። ከመጫናችሁ በፊት የፋብሪካውን ፈርምዌር አስቀምጡ። ከተጫነ በኋላ የመጀመሪያ ሥራችሁ የይለፍ ቃል ማውጣት ይሁን፤ አዲሱ ኦፕን-ደብሊው-አር-ቲ ያለ ይለፍ ቃል ነው የሚነሳው። የዋይፋዩን አገር በትክክል ምረጡ፤ የአየሩ ሕግ የጎረቤታችሁም ነው።

ቅድም በልባችሁ ያዙልኝ ያልኳችሁ የጽሑፍ ቃል እዚህ ላይ ትፈለጋለች። ዛሬ ከሚሸጡት የቤት ራውተሮች እጅግ ብዙዎቹ በውስጣቸው ሊኑክስ አለ። ከዕቃው ጋር በሚመጣው ቀጭን መመሪያ መጨረሻ ላይ፣ በደቃቅ ፊደል፣ ስለ ጂ-ፒ-ኤል የተጻፈ አንቀጽ ፈልጉ። ካገኛችሁት በተሰጠው አድራሻ ጻፉና ኮዱን ጠይቁ፤ ባትገነቡትም ጠይቁ። ሚክላስ ያን መልእክት ሲጽፍ በእጁ የነበረው አንድ የወረደ ፋይልና አንድ ትክክለኛ ጥያቄ ብቻ ነበር። ያን ጥያቄ ለመጠየቅ ደግሞ ፕሮግራመር መሆን አያስፈልግም፤ ውሉ ቃሉን የሰጠው ለማንኛውም ጠያቂ ነው።